ሲዛር ቱ ከኮድ ለውጥ በኋላ፦ ስሌቱ ይታመናል፣ ዲፎልቱ ይፈተሻል

ጎንደር ላይ ለቢራ ፋብሪካ ወይም ለሆስፒታል ላውንደሪ የእንፋሎት መስመር የሚያሰላ ሰው ሲዛር ቱን፣ የቧንቧ መስመር ስትረስ (ውጥረት) የሚያሰላውን ሶፍትዌር፣ ቢመርጥ አልተሳሳተም። ስሌቱ ጠንካራ ነው፤ ሪፖርቱንም አማካሪው ሳይጨነቅ ያነበዋል። ችግሩ አዲስ ቨርዥን ጭኖ የድሮውን ሥራ እንዳለ ማስኬድ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ብዙ ሳይጠይቅ ውጤቱን ያወጣል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው የፋብሪካ ቧንቧ ንድፍ ኮድ (ደንብ) በሆነው በኤኤስኤምኢ ቢ31.3 የ2020 እትም ነው። አፔንዲክስ ዲ ከኮዱ ተሰረዘ፤ የስትረስ ማባዣውና የፍሌክሲቢሊቲ (የመተጣጠፍ) ቁጥሩ ከሌላ ሰነድ፣ ከቢ31ጄ፣ እንዲወሰድ ተደረገ። ይህ በተለይ ቲ (ቅርንጫፍ የሚወጣበት መገጣጠሚያ) ላይ ይታያል። 6 ኢንች ስኬጁል 40 (ውጫዊ ዲያሜትር 168.3፣ ውፍረት 7.11 ሚ.ሜ) የሆነ፣ ማጠናከሪያ ፓድ የሌለው ቲ በድሮው ቀመር የአውት ፕሌን (ከቲው ገጽ ወደ ውጭ ለሚያጎብጥ ጫና) ማባዣው 4.5፣ የኢን ፕሌኑ (በገጹ ላይ ለሚያጎብጥ) 3.7 ገደማ ነው፤ ለዋናው መስመርም ለቅርንጫፉም ያው። ቢ31ጄ ሁለቱን ለየብቻ ያያል፣ ለመጠምዘዝም የራሱን ማባዣ ይሰጣል፣ የመገጣጠሚያውን መተጣጠፍም ያስገባል። ስለዚህ አንዱ ቲ ላይ ስትረሱ ሲወጣ ሌላው ላይ ሊወርድ ይችላል። የፓምፕ ኖዝል (መስመሩ ከፓምፑ የሚገናኝበት አፍ) ላይ ያለው ጫና ድንገት ቀንሶ ካገኛችሁ ከመደሰታችሁ በፊት ቢ31ጄን የሚያበራው ቅንብር የት ላይ እንዳለ እዩ፤ የቀነሰው መስመሩ ስለተስተካከለ ላይሆን ይችላል።

ለመፈተሽ ትልቅ ሞዴል አያስፈልግም። ከላይ ያለውን ቲ፣ አንድ ኤልቦ (መታጠፊያ) እና ሁለት አንከር (መስመሩን እንዳይንቀሳቀስ የሚይዝ ማሰሪያ) ይዛችሁ በድሮውም በአዲሱም ቨርዥን አስኪዱና ሪፖርቱ ላይ የወጡትን ማባዣዎች አስተያዩ። የድሮው ቨርዥን 4.5ን ካልሰጠ ቢ31ጄ ቀድሞ በርቷል፣ አለዚያም የቲው ዓይነት በስሕተት ገብቷል ማለት ነው። የቆየ ሥራ ስትከፍቱ ደግሞ ሁልጊዜ ቅጂውን ክፈቱ፤ አዲሱ ቨርዥን ፋይሉን አንዴ ከለወጠው የድሮው መልሶ አይከፍተውም።

ሰው የሚረሳው ቅንብሮቹ የሚቀመጡበትን የኮንፊገሬሽን ፋይል ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚፈልገው ሥራው ባለበት ፎልደር ውስጥ ነው፤ ካጣው የሲስተሙን ይወስዳል። የሥራውን ፋይል ብቻ በፍላሽ ወስዶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የከፈተ መሐንዲስ በሌላ ሰው ቅንብር እያሰላ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ፋይሎች አይለያዩ፤ ከሪፖርቱ ጋርም አብረው ይቀመጡ።

የፍሪክሽን (ሰበቃ) ዲፎልቱ፣ ማለትም ካልተለወጠ ፕሮግራሙ የሚወስደው ቁጥር፣ ዜሮ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። በ10 ባር፣ 184 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ የሚሠራ 30 ሜትር ቀጥ ያለ የካርበን ስቲል መስመር ወደ 59 ሚ.ሜ ይረዝማል፤ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ሚዩ (የፍሪክሽኑ ቁጥር) 0.3 ገደማ ስለሆነ እያንዳንዱ ሳፖርት (ድጋፍ) ከተሸከመው ክብደት ሲሶ የሚጠጋ ኃይል ወደ አንከሩ ይመልሳል። በዜሮ ከተሰላ አንከሩ ይህን ኃይል ፈጽሞ አያየውም፤ የሲቪሉ መሐንዲስም መሠረቱን በተሰጠው ቁጥር ይሠራል። ኮንፊገሬሽኑን መለወጥ ብቻ አይበቃም፣ ኢንፑቱ ላይ የየሳፖርቱን ሚዩ አንድ በአንድ እዩ።

ሊበራል አላወብል (የሚፈቀደውን ስትረስ የሚያሰፋ) የሚለው ቅንብርም መታየት አለበት። ሲበራ፣ ክብደትና ግፊት ሳይጠቀሙበት የተረፈው አቅም ለኤክስፓንሽኑ (በሙቀት መርዘም ለሚመጣው) ስትረስ ይጨመራል። ኮዱ ይፈቅዳል፤ ግን መስመሩ ያለፈው በዚህ ብቻ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ ይጻፍ። የአልፎ አልፎ ጭነት (እንደ ነፋስና መሬት መንቀጥቀጥ ያለ) ማባዣም እንደ ኮዱ ይለያያል፦ ቢ31.3 ላይ 1.33፣ ቢ31.1 (የኃይል ማመንጫ ቧንቧ ኮድ) ላይ እንደ ቆይታው 1.15 ወይም 1.2።

የአካባቢ ሙቀቱ፣ መርዘሙ የሚቆጠርበት መነሻ፣ ዲፎልቱ 21 ዲግሪ ነው። ለጎንደር ከተማ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እንደ ዕድል ሆኖ ይስማማል። መተማ ቆላ ላይ በቀትር የሚገጠም መስመር ከሆነ ግን ቁጥሩን ለውጡት።