ዝገት ለዋጩን ፈሳሽ በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ስምንት ወር ሞከርኩት

ይህንን ፈሳሽ የገዛሁት ብየዳ ስለምፈራ ነው። እውነቱ ይኸው ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝ ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ እጄ ገባ። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሹም ይገባል። አካሉን ግን ዝገት ጨርሶታል። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ መኪና ላይ የሠራሁት ትልቁ ሥራ ጎማ መቀየር ነበር። ጠርሙሱ ላይ ዝገቱን መፋቅ ሳያስፈልግ ቀብቶ ወደ ጠንካራ ጥቁር ሽፋን መለወጥ እንደሚቻል ሳነብ ለእኔ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ። ባለ አንድ ሊትሩን ገዛሁ።

ስሙን አልጠቅስም፤ በየቦታው የሚሸጡት በብዙው ይመሳሰላሉና። ዋናው ነገር ዝገት ለዋጭን ከዝገት አጥፊ አለማምታታት ነው። አጥፊው ዝገቱን አሟሙቶ ያነሳና ብረቱን ራቁቱን ያስቀረዋል። ለዋጩ ዝገቱን አያነሳም፤ እዚያው ባለበት ሌላ ነገር ያደርገዋል። አንዳንዱ በፎስፎሪክ አሲድ፣ አንዳንዱ በታኒክ አሲድ ይሠራል። የእኔው ባለ ታኒኩ ነው። ታኒኑ ከዝገቱ ጋር ሲዋሃድ ውሃ የማያሟማው ጥቁር ውህድ ይሆናል። በብዙ አገር ለዘመናት የጽሕፈት ቀለም ሲሠራ የኖረው ከብረት ጨውና ከታኒን ነው፤ ጥቁረቱ ያው ነው። ፈሳሹ ውስጥ እንደ ቀለም የሚደርቅ ሙጫ ነገርም አለበት፤ ሽፋን የሚሆነው እሱ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት የኋላውን መጫኛ ወለል ነው። ፈሳሹ ወተት ይመስላል። በብሩሽ አንድ ክንድ ያህል ቦታ ቀባሁና ቁጢጥ ብዬ አየሁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ወደ ሐምራዊ ዞረ፤ ቀጥሎ ግራጫ ሆነ። ሻወር ወስጄ ስመለስ ቀለም የተደፋበት መስሏል፤ ጥቁር በጥቁር። በደስታ ወንድሜን በቪዲዮ ደውዬ አሳየሁት። በዚያው ሞቅታ የጋቢናውን ሁለት የኋላ ማዕዘኖች፣ የበሮቹን ታችና የሻንሲውን (ከሥር መኪናውን የሚሸከመውን ብረት) ግማሽ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ቀባሁ። ፒክአፑ ዳነ ብዬ ተኛሁ።

በሳምንቱ አጎቴ መጡ። ዕድሜያቸውን በባትላሜራ፣ ማለትም በመኪና አካል ጥገና ሥራ የፈጁ ሰው ናቸው። ጥቁሩን አይተው ምንም አላሉም። ትንሿን መዶሻ ተቀብለውኝ መጫኛውን ቀስ ብለው መታ መታ አደረጉት፤ ጮኸ፣ ብረቱ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከዚያ የጋቢናውን ማዕዘን መቱ፤ ካርቶን የተመታ መሰለኝ። ካቻቢቴ አምጣ አሉ። ሰጠኋቸው። በዚያ በሚያምረው ጥቁር ላይ አስደግፈው ገፋ ቢያደርጉት እስከ እጀታው ገባ። ግፊያ እንኳ አይባልም። ሲያወጡት ከጉድጓዱ ቡናማ ቅርፊት ተንኮታኩቶ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ።

«ቀባኸው እንጂ ምን አደረግህለት?» አሉኝ።

የዚህ ምርት ነገር በሙሉ እዚያች ጉድጓድ ውስጥ አለ። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ያብጣል፣ ይነባበራል፣ እንደ ቅርፊት ይላጣል። ፈሳሹ የሚደርሰው የላይኛውን ገጽ ብቻ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው እርጥበትና አየር ሥራውን አያቆምም፤ እኛ ነን ስላላየነው የቆመ የሚመስለን። ብረቱ ራሱ ካለቀ ደግሞ ለውጡ ቢሳካም የሚቀረን ጥቁር ዱቄት ነው። ስለዚህ መፋቅ አያስፈልግም የሚለው ጽሑፍ ላይ ቂም ይዣለሁ። ያው ጠርሙስ ጀርባው ላይ፣ በጉንዳን ፊደል፣ የላላ ዝገት አስቀድሞ ይነሳ ይላል። ፊት ለፊቱ ሌላ፣ ጀርባው ሌላ።

ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደገና ጀመርኩ። ግራይንደር (ዲስክ የሚያሽከረክር የእጅ ማሽን) ተዋስኩና የሽቦ ብሩሽ ገጠምኩለት። እዚህ ላይ ጀማሪ የሆነ ሰው ይስማኝ። ባለ 115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ዙር ገደማ ይሽከረከራል። ብሩሹ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከማሽኑ ቁጥር ማነስ የለበትም። ሽቦዎቹ እየተነቀሉ እንደ መርፌ ይወረወራሉ። ማታ ሹራቤን ሳወልቅ ደረቴ አካባቢ አራት ተሰክተው አገኘሁ። አንዷ ቆዳዬ ድረስ ደርሳለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ መነጽር፣ በላዩ ላይ የፊት መከላከያ፣ ወፍራም ጓንት። የአፍና የአፍንጫ ማጣሪያም የግድ ነው፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ብናኙን መተንፈስ ጥሩ አይደለም።

የሽቦ ብሩሹ ሌላም አመል አለው። ጠንካራውን ዝገት ከማንሳት ይልቅ ይወለውለዋል። አብረቅራቂ ቡናማ ሲሆን የጸዳ ይመስላል፤ አልጸዳም። ጥቁር ስፖንጅ የሚመስለው የናይለን ዲስክ ለላሜራ በጣም ይሻላል። ቀለሙንም ዝገቱንም ይዞ ይሄዳል፣ ብረቱን ግን እንደ ድንጋይ ዲስክ አይበላውም። ቶሎ ማለቁ ነው እንጂ ለእሱ አምስት ከአምስት እሰጠው ነበር።

አሁን ወደ ፈሳሹ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ነው ጎበዝ የሆነው። ላሜራው ከተፋቀ በኋላ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይቀራሉ፤ ፊት ላይ እንደሚቀር የብጉር ምልክት። በየጉድጓዱ ውስጥ ነቁጥ ነቁጥ ዝገት አለ። ያንን ብሩሽም ዲስክም አያወጣውም። ለዋጩ የተፈጠረው ለዚያ ነው። ስስ አድርጌ ቀባሁት፣ ሲደርቅ ደገምኩት። የመጫኛው ወለል ዛሬ ስድስተኛ ወሩ ነው። ድንጋይም እንጨትም ጭኜበታለሁ። ከተቧጨረበት ውጭ የተነሳ የለም።

የበሩ ታች ግን ሌላ ታሪክ ነው። እሱን ሰንፌ መጀመሪያ እንደቀባሁት ተውኩትና ቀለም ደረብኩበት። በሁለተኛው ወር አረፋ አወጣ። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ቀለሙም ጥቁሩም አንድ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳ። ሥሩ ብርቱካናማና እርጥብ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እዚያ ውስጥ ሲበላ ከርሟል ማለት ነው።

አጠቃቀሙ ላይ በራሴ ጥፋት የተማርኳቸውም አሉ። ብሩሹን ጠርሙሱ ውስጥ አትንከሩ። እኔ ነክሬ የዝገት ብናኝ ገባበትና የተረፈው ፈሳሽ በሳምንቱ እንደ ረጋ ወተት ተቋጠረ። በትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ ቀንሱና የተረፈውን ድፉት፤ አትመልሱት። ሲመሽ አትቀቡ። የእኔው ጠርሙስ ከ10 ዲግሪ በታች አይሠራም ይላል። አንድ ማታ ችኮላ ይዞኝ ቀባሁት። ሌሊት ጤዛ ወረደበትና ጠዋት ላይ እንባ የወረደበት ፊት መስሎ፣ እየተጣበቀ ጠበቀኝ። ያንን ሁሉ ፈቄ ደገምኩት። ጓንት ሳታደርጉም አትንኩት። ጥፍሬ ሥር የገባው ጥቁር ለመልቀቅ ሳምንት ፈጅቶበታል፤ መሬቱ ላይ የተንጠባጠበው እስካሁን አለ።

ያላሰብኩት ደግሞ ይኼ ነው፦ ንጹሕ ብረት ላይ አይሠራም። የሚለውጠው ዝገት ሲያጣ ዝም ብሎ ይደርቅና በቀላሉ ይላጣል። አብዝቶ መፋቅም ለእሱ አይሆንም ማለት ነው። ንጹሕ የሆነውን ቦታ በቀጥታ በኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ነው መሸፈን። እሱም ቢሆን ከለዋጩ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም። የገዛሁት ኢፖክሲ መመሪያው ላይ ዝገት ለዋጭ የተቀባ ብረት ላይ አትቀቡኝ ይላል። ያነበብኩት ከቀባሁ በኋላ ነው፣ እንደ ልማዴ። አሁን እከፍላለሁ። ሙሉ በሙሉ የጸዳው ላይ ኢፖክሲ፤ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለው ላይ ለዋጩና ከእሱ ጋር ይሄዳል የተባለው የዘይት አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)። ሁለቱንም መመሪያ አጠገብ ለአጠገብ ዘርግታችሁ አንብቡ።

ለቡሎንና ለትናንሽ ዕቃ አታባክኑት። አምስት በመቶ አሲድ ያለው ተራ ኮምጣጤ ውስጥ ማሳደር ይበቃል። ጠዋት በብሩሽ ማሸት፣ ቤኪንግ ሶዳ ባለው ውሃ ማለቅለቅ፣ ወዲያው አድርቆ ዘይት መቀባት። ወዲያው ያልኩት በምክንያት ነው። ስልክ ላነሳ ዞር ብዬ ስመለስ ብርቱካናማ ጀምሮት ያውቃል።

የፍሬን ቱቦ ከዛገ አይቀባም፤ ይቀየራል። ሻንሲ ከተበሳ ደግሞ የእኔም የጠርሙሱም ሥራ አይደለም። መኪናውን የሚሸከመው እሱ ነው፤ ለሚያውቅ በያጅ ይሰጥ። የእኔው ሻንሲ ደግነቱ ይጮሃል። በውስጡ ያለው ባዶ ግን ብሩሽ አይደርስበትም። እዚያ የሚረጭ የሰም መከላከያ ተጠቀምኩ፤ ጭቃ የደፈናቸውን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ከከፈትኩ በኋላ። ከእነሱ ውስጥ ያወጣሁት አፈር አንድ ሳህን ይሞላ ነበር። ውሃው ስንት ዘመን እዚያ እንደተኛ አስቡት።

እና ብየዳው? አልቀረልኝም። የጋቢናውን ማዕዘን አጎቴ እያዩኝ እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆረጥኩት። አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ ባትሪውን ነቅዬ በየድኩት። አንድ ነጥብ እዚህ፣ አንድ ነጥብ እዚያ፣ መሃሉ እስኪበርድ መጠበቅ። በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ላሜራው በሙቀት ይጣመማል። የመጀመሪያዋ ብየዳዬ የታኘከ ማስቲካ በመስመር የተለጠፈ ትመስላለች። አሁን በግራይንደር ተሞርዳ በስቱኮ ተሸፍናለችና አትታይም። እኔ ግን የት እንዳለች አውቃለሁ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለፈሳሹ ከአምስት ሦስት ተኩል። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ለፊት ለፊቱ ጽሑፍ ነው፤ ግማሹን ለጥፍሬ። የጉድጓድ ዝገት ላይ ብቻ ቢሆን አራት ተኩል ይገባው ነበር። ሁለተኛ ጠርሙስ መግዛቴንም አልደብቅም።

ባለፈው እሁድ አጎቴ ብቅ ብለው ነበር። መዶሻዋን ራሳቸው ከሳጥኑ አወጡ። አዲሱን ማዕዘን መታ መታ አደረጉት።

«ይጮሃል» አሉና ዞረው ወደ ወዲያኛው በር ሄዱ። እዚያ ገና አልደረስኩም።