11 ሆነን ልደት ያከበርንበት የደብረ ብርሃኑ ሬስቶራንት

እንዴት ናችሁ? ይቺን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ውስጥ ለልደት ምናምን ሰብሰብ ብላችሁ ለመውጣት ለምታስቡ ነው። ከተማችን ውስጥ እንዲህ አይነት ቤት እየበዛ ነው፣ አምፖሉ የተንጠለጠለበት፣ ፎቶ መነሻ ግድግዳ ያለው፣ በርገርም ክትፎም ፒዛም የሚሸጥ። ስሙን ያልጻፍኩት ቅሬታዬን ለባለቤቱ እዛው በአካል ስለነገርኩትና እሱም ቁጭ ብሎ ስለሰማኝ ነው። የማወራው ግን እንደዚህ ላሉት ቤቶች ሁሉ የሚሆን ይመስለኛል።

የጓደኛችን 30ኛ አመት ልደት ጥቅምት መጨረሻ ላይ አርብ ዋለ፣ አርብ ደግሞ ጾም ነው፣ ስለዚህ ወደ ቅዳሜ ማታ አዞርነው። ሁላችንም እዚሁ ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን ነን። ከባለልደቷ ውጪ ስድስታችን እዚሁ ነው የምንሰራው፣ ሶስቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትሩን በሚኒባስ መጡ፣ አንዷ ደግሞ ከሸዋሮቢት ጣርማበርን ወጥታ ነው የመጣችው፣ መንገድ ላይ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝታ፣ ከቤቷ ደግሞ ፓፓያ ይዛ። ከቆላ ተነስቶ እዚህ ማታ መድረስ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ልጅቷ ከመኪና ስትወርድ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር።

ቡክ ያደረግኩት እኔ ነኝ። በስልክ ደወልኩ፣ 3000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላኪ አሉኝ ላኩ፣ ለ11 ሰው ረጅም ጠረጴዛ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘን እንጠብቃችኋለን አሉ። እውነቱን ለመናገር ጠረጴዛው ልክ በሰዓቱ ተዘጋጅቶ ነው የጠበቀን፣ የባለልደቷ ስም ሳይቀር በካርቶን ተጽፎ ነበር። ወንበሮቹ ላይ የመንዝ ባና (ከበግ ጠጉር የሚሰራውን ብርድ ልብስ) አንጥፈውባቸዋል፣ ይሄን ያሰበውን ሰው ባገኘው እጁን እጨብጠው ነበር። ባና ይኮረኩራል እንጂ ሙቀቱን የሚተካው የለም፣ አያቶቻችን ይሄን ብርድ የቻሉት በሱ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ ብርሃን ሲወርድ አይተው ከተማዋን ሲቆረቁሩ የሚያሳይ ትልቅ ስእል አለ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት ልጆች ፎቶ የተነሱት ከአርቴፊሻል አበባው ይልቅ እሱ ጋ ነው።

ሌላው በጣም ያስደሰተኝ የእጅ ውሃ ነው። እዚህ ከተማ ጥቅምት ላይ ማታ የቧንቧ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። እነሱ ግን ሞቅ ያለ ውሃ በማስታጠቢያ ይዘው ጠረጴዛው ድረስ መጥተው አንድ በአንድ አስታጠቡን። ያስታጠበችን ልጅ ገና በጣም ትንሽ ናት፣ ጎንበስ ብላ "የኔ እህት ሞቀሽ ወይስ ቀዘቀዘሽ?" እያለች ነበር የምታስታጥበው። ለሷ ብቻ ብዬ ተመልሼ እሄዳለሁ።

እሺ አሁን ወደ ቅሬታው።

የተቀመጥነው ግቢው ላይ በተተከለ በላስቲክ በተሸፈነ ድንኳን ውስጥ ነው። ብርድ ስለሆነ አራቱንም ጎን ዘግተው ሁለት የከሰል ማንደጃ አስገቡልን። መጀመሪያ ላይ ሞቆን ደስ አለን፣ 20 ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ግን ሁለት ልጆች እራሳችንን አመመን አሉ። እባካችሁ ይሄን ነገር ቀላል አታድርጉት። ከሰል የሚያወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ነው እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው፣ በየአመቱ ክረምት ላይ በሩን ዘግቶ ከሰል አስገብቶ ተኝቶ የቀረ ሰው ዜና እንሰማለን አይደል። አስተናጋጁን ጠራሁትና አንዱን ጎን በደንብ ግለጥልን አልኩት፣ ወዲያው ገለጠው፣ ግን ብርድ ይገባባችኋል ብሎ ተጨንቆ ነበር ልጁ። ጎን ተከፍቶ፣ ለሰው ጋቢ ቢሰጥ ይሻላል። ባለቤቱንም ከሁሉ በፊት የነገርኩት ይሄንን ነው። እዛ ድንኳን ውስጥ ህጻን ይዘው የመጡ ሰዎችም ነበሩ።

ሜኑው በኪውአር ኮድ ነው። ዳታው እየቆየ 11 ሰው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ሲጠብቅ ጨዋታው ሁሉ ተቋረጠ፣ ኋላ ላይ አንድ የታተመ ሜኑ አለን ብለው አመጡ፣ ያንኑ እየተቀባበልን መረጥን። የበግ ጥብስ 750፣ ክትፎ 850፣ በርገር 480፣ ፒዛ 650፣ ፓስታ 320፣ የጾም በየአይነቱ 280። ሶስት ጥብስ፣ ሁለት ክትፎ፣ ሁለት በርገር፣ ሁለት ፒዛ፣ አንድ ፓስታ፣ አንድ በየአይነቱ አዘዝን፣ አንዷ ጓደኛችን ጽጌን ትጾማለች። ማለትም ሁሉም ሰው የየራሱን ነው ያዘዘው። ስህተቱ እዚህ ጋ ጀመረ።

ትእዛዝ የተቀበሉን 1 ሰዓት ላይ ነው። 1 ሰዓት ከ35 ላይ ሁለት በርገር መጣ። ከዛ ዝም። ከ10 ደቂቃ በኋላ አንድ ክትፎ። ከዛ ፒዛ። ሁለተኛው ክትፎና ጥብሱ 2 ሰዓት ከ10 ድረስ አልመጣም። በኛ ደንብ ደግሞ ጎንህ ያለ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ አንተ አትበላም፣ "ብሉ ብሉ እኛ ይመጣልናል" ቢባልም ማንም አይነካውም፣ ቢነካም ቆንጠር አድርጎ አጉርሶ ይተወዋል። ስለዚህ ቀድሞ የመጣው ሁሉ ቁጭ ብሎ ቀዘቀዘ። ከባህር ጠለል በላይ 2800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለነው፣ በጥቅምት ውርጭ፣ ሳህን ላይ ያለ ምግብ ስንት ደቂቃ ይቆያል? ክትፎው ለብለብ ተብሎ ነው የታዘዘው፣ ቅቤው የሸኖ ለጋ ነው ብለውናል ሽታውም ይመሰክራል፣ ግን ስንደርስበት ቅቤው ረግቶ ነጭ ሆኖ አፍ ላይ ይለጠፍ ነበር። እንደዛ ያለ ቅቤ እንደዛ ሲሆን ማየት ያሳዝናል። የበርገሩ ዳቦ ደርቋል፣ የፒዛው ቺዝ ጎማ ሆኗል። ፓስታው መሀሉ አልበሰለም፣ ፊዚክስ የሚያስተምረው ጓደኛችን እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ፓስታም ባቄላም ከቆላው የበለጠ ደቂቃ ይፈልጋል አለን፣ እና ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ አይቶ የሚያወጣ ኩክ ደብረ ብርሃን ላይ አይሳካለትም ማለት ነው።

ባለልደቷ ምንም አላለችም፣ ዝም ብላ ፈገግ ትላለች፣ እኔ ግን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ አንጀቴ ተቃጠለ። ተነስቼ ወደ ኪችኑ ሄድኩ። እዛ አንድ እናት አሉ፣ ሻሽ ያሰሩ፣ ጥብሱን የሚሰሩት እሳቸው ናቸው። "እትዬ ይቅርታ፣ 11 ነን፣ ለግማሻችን መጥቶ ግማሻችን እየጠበቀ ነው፣ ምግቡም ቀዘቀዘብን" አልኳቸው። አላኮረፉም አልተቆጡም፣ "ውይ ልጄን! ልደት ነው እንዴ? ታዲያ እንዲህ ተበታትኖ ይበላል? ሂጂ አንቺ ተቀመጪ እኔ አለሁ" አሉኝ። ያልተነካውን ክትፎ ወሰዱት፣ ሁለት ተጨማሪ ጥብስ ጨመርን፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትልቅ ትሪ በሁለት ሰው ተይዞ መጣ።

ያ ትሪ እስካሁን አይኔ ላይ ነው። መሀል ላይ የበጉ ጥብስ በሸክላ ከነፍሙ እየጮኸ፣ ዙሪያውን ክትፎው እንደገና ተለብልቦ፣ አይብ፣ ጎመን፣ ከስሩ የጤፍ እንጀራ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ደግሞ የገብስ ቂጣ ተቆርሶ። ቂጣው ሜኑ ላይ የለም! እትዬ ለሰራተኛው የጋገሩትን ነው ያመጡልን። በጉ የመንዝ በግ ነው፣ ያቺ አነስ ያለች ጠጉራሟ፣ ስጋው ለስላሳ ሆኖ ጣእሙ ግን ጠንከር ያለ፣ ጮማው ሲቀልጥ ሮዝመሪና ቃሪያው ውስጥ ገብቶ... ከአዲስ አበባ የመጡት እንዲህ አይነት የበግ ጥብስ በልተን አናውቅም አሉ፣ ሲያወሩም ለይሉኝታ አልነበረም፣ አጥንቱን እየጋጡ ነው ያወሩት። ለጾመኛዋም በየአይነቱዋ ለብቻ መጣላት፣ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ሱፍ ፍትፍቱ፣ ከሁሉ ከሁሉ ስልጆ ነበረበት፣ የባቄላው ስልጆ ሰናፍጩ አፍንጫ የሚከፍት። ስልጆ በሬስቶራንት ሜኑ ላይ ስንት ቦታ አይታችኋል? እኔ እዚህ ብቻ ነው ያየሁት።

ከዛ በኋላ ነው ልደቱ ልደት የሆነው። ጉርሻው ጀመረ፣ ባለልደቷን ሁላችንም ተራ በተራ አጎረስናት፣ የሸዋሮቢቷ ልጅ ጋቢዋን ጥላ ተነሳች። ቢራውን ኖርማል ብለን ነው ያዘዝነው፣ ሀበሻም ዳሸንም እዚሁ ከተማ ነው የሚጠመቁት፣ እንኳን ፍሪጅ ገብቶ ውጪ ተቀምጦም ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ልጆች በመለኪያ አረቄ ጠጡ፣ የቤት ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ለኔ አይሆነኝም።

ኬኩን ከውጪ ነው ያመጣነው፣ ቶርታ፣ ከማውቃት ዳቦ ቤት። ሊቆረስ ሲል መብራቱን አጥፍተው አስተናጋጆቹ ከበሮ ይዘው ወጡ። በስፒከር ዘፈን ከፍተው ብቻ ይተዉናል ብዬ ነበር የጠበቅኩት፣ እነሱ ግን እስክስታ እየወረዱ፣ እያጨበጨቡ፣ ከጎናችን ያሉት ጠረጴዛዎችም ተነስተው፣ አንድ አባት እድሜሽ ይርዘም፣ ልጅ ውለጂ፣ ክፉ አይንካሽ ብለው መረቋት፣ ሁላችንም አሜን አልን። ባለልደቷ እዛ ጋ ነው ያለቀሰችው። አባቷ ካረፉ ገና አመት አልሞላቸውም፣ መራቂ አባት ናፍቋት ነበር፣ ይሄን ያወቅነው እኛ ብቻ ነን።

ሂሳብ ላይ ግን ቅር ብሎኛል። ምግብና መጠጡ 10,000 ብር፣ ቫት 15 በመቶ 1500 ብር፣ "የኬክ ማስገቢያ" 400 ብር፣ ጠቅላላ 11,900። ባለልደቷን አስወጥተን ለ10 ስናካፍለው 1,190 ብር ደረሰን። ዋጋው ለበላነው ትሪ አይበዛም። ያናደደኝ ሌላ ነው፣ ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ ቫት እንደማያካትት የተጻፈው መጨረሻው ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ነው፣ የኬኩን ደግሞ ቡክ ሳደርግ ኬክ ይዘን እንመጣለን ብያቸው እሺ ብቻ ነው ያሉኝ። ተማሪ ሆኖ ብሩን ቆጥሮ የሚመጣ ሰው ስንት አለ፣ እሱ እዛ ሰው ፊት ሲጎድለው ምን ይሰማዋል? ቀድሞ መናገር ምንም አያስከፍልም። ባለቤቱ 400ውን አልቀነሰልኝም፣ ከእንግዲህ በስልክ እንናገራለን ብሏል።

ሙዚቃው ጮክ ይላል፣ ቀንሱልን ስንል ቀንሰዋል። ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው። ስንወጣ 3 ሰዓት ተኩል አልፎ ስለነበር ባጃጅ አልነበረም፣ ዘበኛው ጋሼ ደውለው ሶስት ባጃጅ አስመጡልን፣ እስክንሳፈርም አብረውን ቆሙ፣ ወደ ጠባሴ የምንሄደውን ሴቶች መጀመሪያ አሳፈሩን።

እና የምትሄዱ ከሆነ፣ ከአምስት በላይ ከሆናችሁ የየራሳችሁን አትዘዙ፣ ቡክ ስታደርጉ "በአንድ ትሪ" በሉ፣ በጉን እዘዙ፣ በርገርና ፒዛውን ለአዲስ አበባ ተዉት። ድንኳን ውስጥ ከሰል ካስገቡላችሁ አንዱን ጎን አስገልጡ። የኬክ ማስገቢያና ቫቱን በስልክ ጠይቁ። የገብስ ቂጣ ከፈለጋችሁ ደግሞ በቀጥታ እትዬን ነው የምትጠይቁት፣ ከሰዓት በፊት ከተነገራቸው ለእንግዳም እንደሚጋግሩ እራሳቸው ነግረውኛል። እኔ የገና ጾም ሳይገባ እናቴን ይዣት ልሄድ ቀብድ ከፍያለሁ፣ ለአራት ሰው ነው፣ ግን ትሪውን አዝዣለሁ።