በቨርጂኒያ የግንባታ ፈቃድ አገልግሎት፦ ኮዱ አንድ፣ ቢሮው ብዙ

በሰሜን ቨርጂኒያ በሚገኙ ሁለት ጎረቤት የአካባቢ አስተዳደሮች፣ በ14 ወራት ልዩነት፣ ሁለት የእንጀራ መጋገሪያና ምግብ ቤቶችን ለመክፈት የግንባታ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ይህ ግምገማ የሚመለከተው ያንን አገልግሎት ነው። ወገኖቻችን በየጊዜው «ፐርሚት ለማውጣት የትኛው ካውንቲ ይሻላል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄውን በቅንነት ለመመለስ ግን ቢሮዎቹ የሚያስፈጽሙትን ሕግ፣ እንዲሁም የአካባቢ አስተዳደሮች ስለዚያ ሕግ ያላቸውን አቋም ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም።

ቨርጂኒያ ለግዛቱ በሙሉ የሚሠራ አንድ የሕንፃ ኮድ፣ ማለትም የግንባታ ደንብ፣ አላት። መሠረት የሆነው ሕግ በ1972 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ኮዱም በቀጣዩ ዓመት በሴፕቴምበር ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ከተማውም ካውንቲውም የየራሱን ደንብ ያወጣ ነበር፤ ደንብ የሌለውም ነበር። የእኔ ሁለት ፈቃዶች የተስተናገዱበት የ2021 እትም ሲሆን፣ እርሱም ከጃንዋሪ 18 ቀን 2024 ጀምሮ የጸና ነው። የዚህ ኮድ ዋና ጠባይ የአካባቢ አስተዳደር ሊያላላውም ሊያጠብቀውም አለመቻሉ ነው። ጽሑፉ የግዛቱ ነው፤ ሥዕል መመርመር፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ክፍያ መሰብሰብና የመጠቀሚያ ፈቃድ መስጠት የካውንቲው ወይም የከተማው ሥራ ነው። አገር ቤት ግንባታ ያሠራ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የኢትዮጵያን የሕንፃ አዋጅ ድንጋጌ የሚያስፈጽመው በየከተማው የተሾመው የሕንፃ ሹም እንደሆነ ሁሉ፣ እዚህም በየአስተዳደሩ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሹም አለ።

በሰሜን ቨርጂኒያ ቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ ቡና ለመጠጣት ወይም ሥጋ ለመግዛት የሚመላለስ ሐበሻ ስካይላይን የሚባሉትን ረጃጅም ሕንፃዎች በየቀኑ ያያል። ማርች 2 ቀን 1973 በዚያ ቦታ በግንባታ ላይ የነበረ አንድ ሕንፃ ከ23ኛው ፎቅ ጀምሮ እስከ መሬት ድረስ ተደርምሶ 14 ሠራተኞች ሞተዋል፤ 34 ሰዎች ቆስለዋል። ምርመራው እንዳሳየው ኮንክሪቱ በቂ ጥንካሬ ሳያገኝ ደጋፊዎቹ ያለጊዜያቸው ተነሥተው ነበር። የግዛቱ ሕግ ከአደጋው በፊት የወጣ በመሆኑ አንዱን የሌላው ውጤት ማድረግ ስሕተት ነው። ሆኖም የምርመራ መዘግየት ሲያበሳጨኝ ይህን አስታውሳለሁ፤ ኢንስፔክተሩ ሊያይ የሚመጣው ሲሚንቶው መድረቁንና ድጋፉ መቆሙን ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ። የመጀመሪያውን ቤት ስከፍት በሥዕሉ ላይ የነበሩት ስድስት የኤሌክትሪክ ምጣዶች ሙቀትና እንፋሎት የሚያወጣ ሁድ (ከማብሰያው በላይ የሚሰቀል ጭስና እንፋሎት መሳቢያ) ብቻ እንዲኖራቸው ተፈቀደ። ጥብስና ወጥ የሚሠራበት ምድጃ ግን፣ እንደሚገባው፣ የቅባት ጭስ የሚይዝና የእሳት ማጥፊያ የተገጠመለት ሁድ ተደረገለት። ኮዱም የሚለያቸው በዚሁ ነው፤ ቅባትና ጭስ የሚያወጣ የማብሰያ ዕቃ አንደኛውን ዓይነት ሁድ ይፈልጋል፣ ሙቀትና እርጥበት ብቻ የሚያወጣው ደግሞ ሁለተኛውን። ሁለተኛውን ቤት ለመክፈት ያንኑ የወጥ ቤት አደረጃጀት፣ በዚያው አርክቴክት ማኅተም፣ ለጎረቤቱ አስተዳደር አስገባሁ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የተመለሰልኝ አስተያየት ምጣዶቹ ሁሉ በቅባት ሁድ ሥር እንዲሆኑ የሚያዝ ነበር። የብረት ቱቦው፣ የእሳት ማጥፊያውና ጣሪያ ላይ የሚወጣው ማራገቢያ ሲደመር ዋጋው ለምጣዶቹ ከከፈልኩት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ምክንያቱን ስጠይቅ ገምጋሚው ምጣዱን ሥጋና እንቁላል እንደሚጠበስበት ጠፍጣፋ ብረት ቆጥሮት እንደነበር ተረዳሁ። አልፈርድበትም፤ በኮዱ ውስጥ እንጀራ የሚል ቃል የለም፣ እርሱም እንጀራ ሲጋገር አይቶ አያውቅም።

በኢሜይል ማስረዳቱ ሦስት ጊዜ ከከሸፈ በኋላ፣ ከአስተዳደሩ ወሰን ውጭ ቢሆንም፣ አንድ ከፍተኛ ኢንስፔክተር ወደ መጀመሪያው ቤቴ መጥቶ እንዲያይ ለመንኩ፤ ሰውየውም መጣ። የባለቤቴ እኅት ሊጡን ከዳር ጀምራ እያዞረች ስታፈስ፣ የእንጀራው ዓይን ሲወጣና ክዳኑን ስትደፋበት ቆሞ ተመለከተ። ክዳኑ ሲነሣ በወጣው እንፋሎት ላይ ነጭ ወረቀት ዘረጋ፤ ወረቀቱ ረጠበ እንጂ የቅባት ነጠብጣብ አልታየበትም። ቀጥሎ ያቀረበው ጥያቄ የብልህ ሰው ነበር፤ ምጣዱ ከመጋገሩ በፊት ዘይት ይቀባል ወይ አለኝ። የሸክላ ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚታሰስ፣ እኛ የምንጠቀምበት የማያጣብቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን በደረቅ ጨርቅ ብቻ እንደሚጠረግ ነገርኩት። ይህንኑ በጽሑፍ እንዳቀርብ ጠየቀኝ፤ አቀረብኩ፤ በሳምንቱ ሥዕሉ ጸደቀ። ከመጀመሪያው ማመልከቻ እስከዚያ ዕለት 11 ሳምንት ሆኖኝ ነበር፤ የባዶ ቤት ኪራይ ስከፍል የቆየሁትም ያንን ሁሉ ጊዜ ነው።

አንድ ኮድ ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ? ልዩነቱ ያለው በጽሑፉ ሳይሆን በገምጋሚዎች ቁጥር፣ በልምዳቸውና ለአመልካች በሚሰጡት ጆሮ ነው። የአካባቢ አስተዳደሮች ስለ ወጥ ኮዱ፣ ማለትም ለግዛቱ በሙሉ አንድ ስለሆነው ኮድ፣ የሚያቀርቡትን ሐሳብ የምመዝነውም በዚህ ሚዛን ነው። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያን የመሰሉ አስተዳደሮች በኃይል ቁጠባ ረገድ ግዛቱ ካስቀመጠው በላይ መሄድ ይፈልጋሉ። ሆኖም በቨርጂኒያ የአካባቢ አስተዳደር ሥልጣን ሪችመንድ የሚቀመጠው የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በሰጠው ልክ የተወሰነ በመሆኑ፣ በራሳቸው ማስገደድ አይችሉም። አርሊንግተን ከመደበኛው በላይ ኃይል ቆጣቢ ሕንፃ ለሚሠራ አልሚ ተጨማሪ የወለል ስፋት በመፍቀድ የሚያበረታታው፣ በኮድ ማዘዝ ስለማይችል ነው። ይህ ቅሬታ ክብደት አለው፤ የመብራት ሒሳብ የሚከፍለው ተከራይ ነውና ከተማው ስለ ነዋሪው መቆርቆሩ ተገቢ ነው። ራቅ ወዳሉት የገጠር ካውንቲዎች ሲሄዱ ጭንቀቱ ሌላ ነው። እዚያ ኮድ የሚያረቅቅ መሐንዲስ ስለሌለ ተዘጋጅቶ መምጣቱ እፎይታ ነው፤ የሚከብደው የሚያስፈጽም ሰው ቀጥሮ ማቆየቱ ነው። ለመኖሪያነት የማያገለግሉ የእርሻ ሕንፃዎች ከኮዱ ነፃ መሆናቸው ከዚህ ሸክም ጥቂቱን ያቃልላል።

እኔ ከወጥ ኮዱ ጎን እቆማለሁ። ጠበቃና አማካሪ መሐንዲስ መቅጠር የማይችል፣ እንግሊዝኛውም ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ነጋዴ አንድ ጊዜ የተማረውን ደንብ ወንዝ ሳይሻገር በየአስተዳደሩ እንዲሠራበት ያስችለዋል። ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድ የገባ ኮንትራክተር ግን ሌላ ነገር ይገጥመዋል፤ ግዛቱ የጋራ ኮድ ቢኖረውም ካውንቲዎቹ በየራሳቸው ማሻሻያ ይጨምሩበታል፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ የራሷ አላት። በሦስቱም የሚሠሩ ጓደኞቼ ከቨርጂኒያ ውጭ ዋጋ ከመስጠታቸው በፊት የካውንቲውን ማሻሻያ ቁጭ ብለው ያነባሉ።

በአንድ ነገር ግን ግዛቱን አጥብቄ እወቅሳለሁ። ኮዱ ሦስት ክፍል ሲኖረው የመጀመሪያው ስለ አዲስ ግንባታ፣ ሁለተኛው ስለ ነባር ሕንፃዎች፣ ሦስተኛው ስለ ጥገና ነው። ይህን የጥገና ክፍል ማስፈጸም በመሠረቱ ለአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ የተተወ ነው። ተከራይ ስለ አደገኛ ሁኔታ ሲያመለክትና ቢሮውም ጥሰት ሊኖር እንደሚችል ሲያምን ብቻ አስተዳደሩ ይገደዳል። አብዛኞቻችን ኑሮ የጀመርነው በአሮጌ አፓርትመንት ነው፤ ጣሪያው የሚያፈስስበት፣ የደረጃው መደገፊያ የተነቃነቀበት ቤት ውስጥ ልጅ ያሳደግን ነን። ለአዲስ ሕንፃ ምርጫ ያልተተወው ግዴታ ለነዋሪው ቤት ምርጫ መሆኑ ትክክል አይደለም። ምርጫ መሰጠት ካለበት የኃይል ቁጠባውን ማጥበቅ ለከተሞቹ ቢፈቀድና የጥገናውን ክፍል ማስፈጸም ግዴታ ቢሆን እመርጣለሁ።

በአጠቃቀም በኩል ሁለቱም ቢሮዎች ማመልከቻና ሥዕል በኢንተርኔት ይቀበላሉ፤ የምርመራ ቀጠሮም እንዲሁ። በፈቃድ ክፍያው ላይ የምታዩት 2 በመቶ ጭማሪ የግዛቱ ነው፤ ለኮድ ባለሙያዎች ሥልጠና ይውላል፣ ስለዚህ ተሳስቶ የመጣ መስሏችሁ አትከራከሩበት። ገምጋሚው የሰጠውን አስተያየት ካልተቀበላችሁ ውሳኔውን ከነአንቀጽ ቁጥሩ በጽሑፍ ጠይቁ። በግንባታ ጉዳይ ውሳኔው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለአካባቢው የይግባኝ ቦርድ ማመልከት ትችላላችሁ፤ በጥገና ጉዳይ ግን ያላችሁ 14 ቀን ብቻ ነው። የአካባቢው ቦርድ ካልተቀበላችሁ በ21 ቀን ውስጥ ለግዛቱ የቴክኒክ ገምጋሚ ቦርድ ይቀርባል። ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ በምጣዱ ጉዳይ ኢሜይል ስመላለስ 30ው ቀን አልፎ ነበር፣ ያ ኢንስፔክተር ባይመጣ ኖሮ ሁዱን ከመግዛት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ውሳኔው የደረሳችሁን ኢሜይል በዚያው ዕለት አትሙትና የደረሰበትን ቀን በብዕር ጻፉበት።