ከዱቤ ደብተር የጀመረ ትምህርት፦ እናቴ ስለምትማርበት የጎልማሶች ክፍል

እናቴ ጉልት ላይ አትክልት ትሸጣለች። ሂሳብ በጭንቅላቷ ነው። ሽንኩርት ኪሎው 60 ብር ከሆነ ሦስት ሩቡ 45 መሆኑን እኔ ስልኬን ሳላወጣ ትነግረኛለች። ዱቤ ግን አስቸገራት። ማን ስንት እንደወሰደ ይጠፋባታል። «ከፍያለሁ እኮ» የሚላትም አለ።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አስመዝግቤያት ነበር። ከሀ ሁ ተነስተው 231ዱን ፊደል በተራ ያስቆጥራሉ። ሰዓቱ ደግሞ ማታ 11፣ ልክ ገበያዋ የሚደራበት። ሁለት ወር ሳይሞላት ተወችው።

አሁን የምትማረው ሰፈራችን ባለ ትምህርት ቤት በተከፈተ ክፍል ነው። የመጀመሪያ ቀን አብሬያት ገባሁ። አመቻቿ፣ ማለትም የምታስተምራቸው ሴት፣ ጠመኔ ሳታነሳ እያንዳንዱን ጠየቀች፤ «ማንበብ ቢችሉ መጀመሪያ ምን ያነባሉ?» ጥበቃ የሚሠሩ አንድ አባት የመኪና ታርጋ መመዝገብ አሉ። አንዲት ልጅ የቴሌብር መልእክት አለች፤ ብር ሲገባላት ሰው ማስነበብ ሰልችቷታል። አንድ እናት ዳዊት አሉ። የኔዋ ዱቤዋን። አመቻቿ ሁሉንም ጻፈችው። ሰዓቱንም ተነጋግረው ከቀኑ 8 አደረጉት።

የእናቴ የመጀመሪያ ቃል «ሽንኩርት» ሆነ። ይከብዳታል ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን «ካሮት»ም በት ያልቃል። ት ቅርጿን ቀይራ ቲ ስትሆን «ቲማቲም» ውስጥ ሁለቴ ትገኛለች። የሽንኩርቷ ን ደግሞ «ድንች» ውስጥ አለች። በየቀኑ በእጇ ከምትይዘው ነገር ፊደል ለቀመች። ሂሳብ ላይም እንደ ጀማሪ አላዩዋትም። በቃል የምታሰላውን ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ አሳዩዋት። ባለፈው ሳምንት ደብተሯን ገለጥኩ። «ሽንኩርት 2 ኪሎ 120 ተከፈለ» ይላል። እንባዬ መጣ።

አመቻቿ በየወሩ «ያሰቡት ደረሰ? ቀጥሎስ?» ትላቸዋለች። እናቴ አሁን የስልኳን ሰዓት ማንበብ ይዛለች። 8 ሲል 6 ቀንሳ «2 ሰዓት» ትላለች።

ይህን አጥብቄ የማነሳው በአያቴ ምክንያት ነው። በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማንበብ ተምራ ነበር። ሰርተፍኬቷ ሳጥኗ ውስጥ ነበር። ግን በገጠር ቤቷ የሚነበብ ወረቀት አልነበረም፤ ፊደሉ ቀስ በቀስ ጠፋባት።

የሚቀር ነገርም አለ። ዴስኩ የሕፃናት ስለሆነ ጉልበት አያስገባም። እናቴ ማታ ማታ ወገቧን ታማለች። ዳዊት የጠየቁት እናት ደግሞ ወደ ኋላ ቀርተዋል። በእጃቸው ያለው ዳዊት መዝሙሮቹን የሚቆጥረው በግዕዝ ቁጥር ነው፣ ፩፣ ፪፣ ፫ እያለ። ክፍሉ የያዘው 1፣ 2፣ 3 ብቻ ነው። ለአመቻቿ ነግሬያታለሁ፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን ለእሳቸው ልትይዝላቸው ነው።

ክፍያ የለውም። ደብተርና እርሳስ ይዞ መሄድ ይበቃል።