ለሽያጭ የታደሰ ቤት ወይስ ሰው እየኖረበት ያለ?

በዚህ ወር ብቻ አራት ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ስዞር ስዞር ሁለት ቤት ቀርቶኛል። አንዱ ታድሶ ጥንቅቅ ብሏል። አንዱ ሰዎች አሉበት፣ ትንሽም ያረጀ ነው። የቱን ልያዝ?» ለአራቱም የመለስኩት አንድ ነው፦ ሰው ያለበትን። ምክንያቱ ግን በአንድ ስልክ አያልቅም። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩት።

«የታደሰ» ስል ባለቤቱ ለራሱ ኑሮ ብሎ ያደሰውን ማለቴ አይደለም። ሊሸጥ ሲል ቀለም ተቀብቶ፣ ሴራሚክ ተነጥፎ፣ ባዶውን ገዢ የሚጠብቀውን ነው። የመጀመሪያ ቤቴ እንደዚያ ያለ ነበር። ነጭ ግድግዳ፣ የሚያብረቀርቅ ቧንቧ፣ የአዲስ ቀለም ሽታ። ሃያ ደቂቃ ዞሬ አየሁትና በሦስተኛው ቀን ቀብድ ከፈልኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ።

በአራተኛው ወር ከቁም ሳጥኑ ታችኛ መደርደሪያ ልብስ ሳወጣ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ቁም ሳጥኑን ስናነሳው ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጠቁሯል። ቀለሙ እንደ ፊኛ ተነፍቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው ተልጦ ወረደ። ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ወጣ። ግንበኛው ልስኑን በመዶሻው እጀታ አንኳኳና፣ «እህቴ፣ ይሄ ግድግዳ ድሮም የታመመ ነው። አዲሱ ቀለሙ ብቻ ነው» አለኝ። እርጥበት ከመሬት ወደ ላይ ሲሳብ በአብዛኛው እስከ አንድ ሜትር አካባቢ ይወጣል። ይዞት የሚመጣው ጨው ደግሞ ልስኑን ከውስጥ ይበላዋል። ከላይ ቀለም መቀባት ለጥቂት ወራት ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ሻጩ ይህን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ጊዜ የተቀባው ያ ግድግዳ ብቻ ነበርና።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ለእኔ ዋናው ነገር እሱ ነው።

ቤቱን ስገዛ አጠገቡ ያልታደሰ፣ ስፋቱም አሠራሩም አንድ ዓይነት የሆነ ቤት ይሸጥ ነበር። የኔው በመቶ 12 ይበልጥ ነበር። ልዩነቱን «የእድሳት ዋጋ» ብዬ ተቀበልኩት። ዘግይቶም ቢሆን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ቀለሙ፣ ሴራሚኩ፣ ቧንቧዎቹና የሠራተኛው ጉልበት ተደምረው የልዩነቱን ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የታደሰ ቤት ስታዩ ያልታደሰ አቻውን ፈልጉ። ልዩነቱን ጻፉት። ከዚያ አንድ ቀለም ቀቢና አንድ ሴራሚክ ሠራተኛ ጠይቃችሁ ሥራው በእናንተ እጅ ቢሠራ ስንት እንደሚፈጅ አስሉ። እኔ እስካሁን ካየኋቸው የታደሱ ቤቶች ውስጥ ሒሳቡ ለገዢው ያደላበት አንድም አላገኘሁም።

በብድር ለምትገዙ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። 10 በመቶ ወለድ ባለው የ20 ዓመት ብድር፣ በየወሩ እኩል እየከፈላችሁ ስትጨርሱ፣ የተበደራችሁት እያንዳንዱ 100 ወደ 232 ይሆናል። የእድሳቱም ዋጋ ከቤቱ ጋር ተደምሮ እንዲሁ ያድጋል ማለት ነው። ቀለሙ ተልጦ፣ እንደገና ተቀብቶ፣ ዳግመኛ ከተላጠ በኋላም የመጀመሪያውን ቀለም ገና እየከፈላችሁ ነው።

ይህን ካልኩ ዘንድ ሌላውንም ወገን መናገር አለብኝ። ሰው የኖረበት ቤት ጥገና ይፈልጋል፣ ጥገናው ደግሞ በእጅ ያለ ገንዘብ ይፈልጋል። የቤት መግዣው ብድር አብዛኛውን ጊዜ የምትቀይሩትን ቧንቧ አይጨምርም። ያላችሁን በሙሉ ለቅድመ ክፍያ አራግፋችሁ ከገባችሁ ችግር ላይ ትወድቃላችሁ። እኔ ሁለተኛውን ቤት ስገዛ የዋጋውን አንድ አሥረኛ ለብቻ አስቀመጥኩ። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ አነስ ያለ ቤት ፈልጉ።

ስፋትም የዋጋ ጉዳይ ነው። የተጻፈውን ካሬ ሜትር አትመኑ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የየክፍሉን ውስጥ ለውስጥ ለኩ። የግድግዳው ውፍረት፣ በረንዳው፣ አንዳንዴም የጋራ ደረጃው ተደምሮ ይጻፋል። 120 ካሬ የተባለ ቤት ውስጡ 96 ሆኖ ከተገኘ፣ የአንዱ ካሬ ዋጋ ከመቶ 25 ጨመረ ማለት ነው። ደላላው ሜትር ስትዘረጉ ፊቱ ቢለዋወጥ እናንተ ሥራችሁን ቀጥሉ።

ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋም ዝም ብሎ ቁጥር አይደለም። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ አሜሪካ ውስጥ በአሪዞና ግዛት የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ተማሪዎችንና ልምድ ያላቸውን የቤት ሻጭ ወኪሎች አንድ ቤት አስጎበኟቸው። ስለ ቤቱ የተሰጣቸው መረጃ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው የተጠራው ዋጋ ብቻ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ የተነገራቸው ቤቱን ከፍ አድርገው ገመቱት፣ ዝቅ ያለ የተነገራቸውም ዝቅ አደረጉት። ባለሙያዎቹም እንደዚያው። ሥራቸው ቤት መገመት የሆኑት እንዲህ ከተሳቡ፣ እኛ ደግሞ እንዴት አንሳብ? ስለዚህ እኔ ዋጋ ሳልሰማ ነው መጀመሪያ ዞሬ የማየው። የራሴን ግምት ጽፌ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ።

የታደሱት ቤቶች ሌላው ጣጣ ዕቃው ነው። ለመሸጥ የሚያድስ ሰው ዓይን የሚስብና ዋጋው የወረደ ዕቃ ይፈልጋል። ቧንቧውን በእጃችሁ ያዙት። ደህናው ከነሐስ ስለሚሠራ ይከብዳል። አስመስሎ የተሠራው ፕላስቲክ ላይ ወይም ቀላል ብረት ላይ ማብረቅረቂያ የተቀባ ነው፣ ገና ስትይዙት ይቀላችኋል። የእኔ የወጥ ቤት ቧንቧ በ11ኛው ወር አንገቱ ላይ ተሰበረ። የሚጠገን ነገር አልነበረውም፣ እንዳለ ተጣለ። አሁን ባለሁበት ቤት ያለው አሮጌ የነሐስ ቧንቧ ግን ሲያንጠባጥብ ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ተቀየረች፣ አለቀ። የጎማዋ ዋጋ ከአዲሱ ቧንቧ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም።

ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኩት። እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚጮኸው ሥሩ ሲሚንቶ አልደረሰውም፣ ነገ ይነሳል። የበሩ ደፍ ከሌላው ክፍል ከፍ ካለ ደግሞ አሮጌውን ሳያነሱ ላዩ ላይ ነጥፈውበታል። የመታጠቢያ ቤቱን በር ታችኛ ጠርዝ በእጃችሁ ዳብሱ። ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ በር ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ማበጥ የሚጀምረውም እዚያ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን የኤሌክትሪክ ገመዱ ነው። መዳብ ተብሎ የሚሸጥ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ ብቻ መዳብ የተቀባ ገመድ አለ። ጫፉን በቢላ ሲፍቁት ነጭ ይወጣል። ይህ ገመድ በተመሳሳይ ውፍረት እንደ መዳብ ኤሌክትሪክ አይሸከምም፣ ስለዚህ ይግላል፤ እሳትም ከዚያ ይመጣል። ግድግዳ ውስጥ ከተቀበረ በኋላ በዓይን አይታይም። ኤሌክትሪሻን ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ዋናው ብሬከር ከጠፋ በኋላ፣ አንድ ሶኬት ፈትቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሻጩ እምቢ ካለ እኔ ቤቱን እተወዋለሁ።

ሰው የሚኖርበት ቤት የሚሻለኝ ለምን ይመስላችኋል? ኑሮው ራሱ ይናገራላ። ሳሎኑ ውስጥ የኤክስቴንሽን ገመድ ከጥግ ጥግ ተዘርግቶ ካያችሁ ሶኬት አይበቃም። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ጣሪያው አፍስሶ ያውቃል። በሩን ሲዘጉት ትከሻቸውን የሚጠቀሙ ከሆነ ክፈፉ ተንቀሳቅሷል። አንድ ክፍል ዕቃ ብቻ የታጨቀበትና ማንም የማይተኛበት ከሆነ፣ ለምን እንደማይተኙበት ጠይቁ። ባዶ ቤት ይህን ሁሉ አይነግራችሁም።

ቧንቧው ሲከፈትም ልዩነቱ ይታያል። ገላ መታጠቢያውን፣ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ክፈቱ፣ የሽንት ቤቱን ውሃ ልቀቁ፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ። ግፊቱ ከወደቀ አሮጌው የብረት ቧንቧ ውስጡ በዝገት ጠቧል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሁሉንም ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ። አሁንም የሚዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ይህ ፍተሻ አምስት ደቂቃ አይወስድም፣ ምንም አያስከፍልም።

ስንጥቅ ሁሉ ግን አያስደንግጣችሁ። እንደ ፀጉር የቀጠነው በየቤቱ አለ፣ ልስን ሲደርቅ የሚመጣ ነው። የሚያሰጋው ከ5 ሚሊ ሜትር የሰፋው፣ በብሎኬቱ መጋጠሚያ እንደ ደረጃ የሚወጣው፣ ወይም ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄደው ነው። እሱን ሳያችሁ መሐንዲስ ጥሩ። የመሐንዲሱ ክፍያ ከቤቱ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው።

አሮጌ ቤት የራሱ አደጋ አለው፣ አልደብቅም። አስቤስቶስ ያለበት ጣሪያ ሲሰበር ወይም ሲበሳ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፣ ትንንሽ ልጆች ላላችሁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መሬት የሚገባ ገመድ የሌለው የኤሌክትሪክ መስመርም ብዙ ነው። እነዚህን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። መሠረቱ እየሰመጠ ያለ ቤትና የባለቤትነት ሰነዱ ክርክር ያለበት ቤት ግን የፈለገውን ያህል ቢረክስ አይገዛም።

ቁም ሳጥንና ሶፋም ግድግዳ ይሸፍናሉ። ሰው ያለበት ቤት ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው። መጀመሪያ ስትሄዱ በትህትና እዩ፤ ሁለተኛ ስትመለሱ «ይቺን ትንሽ ፈቀቅ ብናደርጋት» በሉ። እምቢ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ካያችኋቸው ቤቶች ወደ ጥቂት ስለ መቀነሱ ብዙ አልልም። እኔ 19 ቤት አየሁ። ከስድስተኛው በኋላ የአንዱ ወጥ ቤት ከሌላው መታጠቢያ ቤት ጋር ተምታታብኝ። ከዚያ ወዲያ በቀን ከሦስት በላይ ማየት አቆምኩ። ከበሩ እንደወጣሁ ሦስት ቁጥር እጽፍ ነበር፦ የተጠራው ዋጋ፣ በለካሁት ስፋት ሲካፈል የአንዱ ካሬ ዋጋ፣ የጥገናው ግምት። እጄ ላይ ከሦስት ቤት በላይ አልያዝኩም። አራተኛ ሲመጣ አንዱን እሰርዛለሁ። ደላላ መጀመሪያ የማይሆን ቤት በውድ ዋጋ አሳይቶ ከዚያ ሊሸጥ ወደፈለገው ከወሰዳችሁ፣ ሁለተኛው ያማረባችሁ ከመጀመሪያው አንጻር ብቻ እንዳይሆን ደብተራችሁን ግለጡ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ደግሞ አንድ ጊዜ በምሽት፣ አንድ ጊዜ ዝናብ ሲጥል እዩዋቸው። ዝናብ የሚያሳየውን የትኛውም ባለሙያ አያሳያችሁም።

አሁን ያለሁበትን ቤት ሳይ ወጥ ቤቱ ውስጥ ከሲንኩ ሥር አንድ ባልዲ ነበር። የቤቱ ባለቤት አሮጊት እናት ናቸው። ባልዲውን ሳየው ሊያነሱት አልሞከሩም። «ልጄ፣ ይቺ ታፈሳለች። የኋላው ክፍል መስኮትም በክረምት ውሃ ያስገባል» አሉኝ። ደላላው ዓይኑን ቢያጉረጠርጥባቸውም ቀጠሉ። ጣሪያውን መቼ እንዳስቀየሩ፣ አሸንዳውን ማን እንደጠገነ፣ የትኛው ብሬከር የትኛውን ክፍል እንደሚያጠፋ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሁሉንም ጽፌ ለባለሙያ አሳየሁ፣ ግምቱን ይዤ ተመለስኩና ተነጋገርን። ካስቀነስኩት ላይ ጥገናው የፈጀው ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሲንኩ በግማሽ ቀን ተሠራ። መስኮቱ ሁለት ቀን ወሰደ።

ከአራቱ ጓደኞቼ አንዷ ቅዳሜ ለሁለተኛ ጊዜ ልታይ ትሄዳለች። ሜትር፣ የእጅ ባትሪና ሳንቲም ይዛለች። መኝታ ቤት ውስጥ ትልቅ ቁም ሳጥን አለ፣ ሰዎቹ ሊያንቀሳቅሱላት ተስማምተዋል። ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ፎቶ አንስታ እንድትልክልኝ ነግሬያታለሁ።