ሁለት ጣት፣ አራት ጣት፦ የመልስ ልብስ ያሠራንባት የሽሮ ሜዳ ሱቅ

ሰርጌ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ቅዳሜ። መልሱ በማግስቱ። ይሄን የምጽፈው የመልስ ልብስ ስላሠራንባት የሽሮ ሜዳ ሱቅ ነው። ስሟን አልጠራም። አመሰግናታለሁም፣ እወቅሳታለሁም፤ ወቀሳ ደግሞ ስም ሲጠራበት ጠብ ይሆናል። ጠብ በቅቶኛል።

ቀድሜ ልናገር፦ ልብሱ ጥሩ ነው፤ ከዚያ የተሻለ ግን አዲስ አበባ ውስጥ አይጠፋም። ገንዘቤ ያልቆጨኝ በባለሱቋ ነው።

የመልስ ልብስ አሠርቶ የማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። ቀለም መርጠህ፣ ተለክተህ፣ ቀብድ ከፍለህ ትወጣለህ። እኛ ከሁለቱም ወገን 16 ሰው ነበርን። ጥሎሽ ይዞ የሚመጣው ወንድ ወገን ነውና አማቴ “ሙሽራዋን የምናለብሳት እኛ ነን፤ ቀለሙንም እኛ እንመርጣለን” አሉ። እማዬ ደግሞ “መልሱ የሚደገሰው ማን ቤት ነው?” አለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። የከፋውም ይሄ ነው፤ አንዷ ብትሳሳት ይቀል ነበር።

አማቴ የፈለጉት ወይን ጠጅ ነው። እማዬ አረንጓዴ። እማዬ ወይን ጠጁን “ያስረጃል” አለች። አማቴ አረንጓዴውን “ሰርግ ነው ወይስ የባንዲራ ቀን?” አሉ። ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን ሦስት ጊዜ ተሳስመው “እንደ ወደዱ”፣ “ኧረ እንደ እርስዎ ነው እንጂ!” ይባባላሉ። ቤት ሲገቡ ነው ስልክ የሚደወለው። እኔና ባለቤቴ ፖስተኛ ሆንን።

መጀመሪያ የሄድነው ቦሌ አካባቢ ወዳለ ቡቲክ ነው። ሻጯ ታብሌቷን ዘርግታ “ሙሽሪትስ ምን ትመርጣለች?” አለች። ሁለቱም እናቶች ዞረው አዩኝ። “ማኪያቶ” አልኩ። ጠጥተን ወጣን።

ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ የአሜሪካን ኤምባሲን አለፍ እንዳላችሁ ሽሮ ሜዳ ነው። ሱቁ በሱቅ ላይ ነው፤ ሁሉም “ግቢ እህቴ፣ ማየት በነፃ ነው” ይላል። የእኛዋ ሱቅ ጠባብ ናት። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ ይቆማል። ከጓሮዋ ሁለት ሸማኔዎች እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ ከተው ይሠራሉ። የጋሞ ልጆች ናቸው፤ እዚያ ሰፈር ብዙው ሸማኔ ከዚያው ነው። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ ዓይኔ አብሮት እየሄደ ቆምኩ። ለነገሩ እኔም ሁለት ወር ሙሉ ሥራዬ ይኸው ነበር።

ባለሱቋ አምሳዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። ስለ ቀለም አልጠየቀችንም። “ስንት እናት አላችሁ?” አለች።

“ሁለት” አልኳት።

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። “ሦስት” አለ።

እውነቱን ነው። አባቱና እናቱ የተፋቱት እሱ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ነው። አባቱ ሌላ አገቡ። እኚህን ሴት “እቴቴ” ይላቸዋል፤ ትምህርት ቤት ያመላለሱት እሳቸው ናቸው። አማቴ ግን ሃያ ዓመት ሙሉ በስም ጠርተዋቸው አያውቁም። “እሷ” ነው የሚሏቸው።

ባለሱቋ ራሷን ነቀነቀች። ብዙ ዓይታለች። “እንግዲያው አንድ ቀን እንዳታመጧቸው” አለችን። “ማክሰኞ ሴት ወገን፣ ሐሙስ ወንድ ወገን። እቴቴን ቅዳሜ አምጣቸው፤ ለብቻቸው።” ደብተሯን አወጣች። ገጹን በመሀል አስምራ በአንድ በኩል “ሴት ወገን”፣ በሌላው “ወንድ ወገን” ብላ ጻፈች።

ቀለሙን እንዲህ ፈታችው። የጥለቱ ንድፍ ለሁሉም አንድ ነው። በእኛ በኩል አረንጓዴው ከዳር ይሆናል፣ ወይን ጠጁ ከመሀል። በእነሱ በኩል ይገለበጣል። የእኔና የባለቤቴ ላይ ሁለቱ እኩል፣ በወርቅማ ክር ተለይተው። እማዬ ማክሰኞ አይታ “ወይን ጠጁ ብዙም አይታይም” አለች። አማቴ ሐሙስ አይተው “አረንጓዴው ደህና ተደብቋል” አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ በዓመትም አይመጣልኝም።

ሒሳቡንም እንደዚሁ። የእኔ ቀሚስ 42,000 ብር ወጣ። አማቴ ሙሉውን ካልከፈልኩ አሉ። እማዬ “ልጄን ራቁቷን አልሰጠሁም!” አለች። ባለሱቋ ዋጋውን ለሁለት ሰንጥቃ ጨርቁንና ጥለቱን በወንድ ወገን ገጽ፣ ጥልፉንና ስፌቱን በሴት ወገን ገጽ ጻፈች። አሁንም ድረስ አማቴ “እኛ ያለበስናት” ይላሉ፤ እማዬም እንደዚያው ትላለች።

የሐሙሱን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ። አማቴ ሲለኩ ዝም ብለው ቆዩና “እሷም ይሄንኑ ልትለብስ ነው?” አሉ። ባለቤቴ ስልኩን መነካካት ጀመረ። የኔ ጀግና። ባለሱቋ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አደረገችና የአማቴን እጅ ያዘች። አራት ጣታቸውን ገጥማ ጥለቱ ላይ አስቀመጠችው።

“ማዘር፣ የእናት ጥለት አራት ጣት ነው። የሙሽራው እናትና የሙሽራዋ እናት፤ በቃ። ሌላው ዘመድ ሁለት ጣት ነው።”

“ማንም ይሁን?”

“ማንም ይሁን።”

አማቴ እጃቸውን ከጥለቱ ላይ አላነሱም። ትንሽ ቆይተው “ትንሽ ሰፋ ቢልስ?” አሉ። አራት ተኩል ተባለ። ማታ ለእማዬ ደውዬ የእሷም አራት ተኩል እንዲሆን አስደረግኩ፤ ኋላ ሜትር ይዛ እንደምትመጣ አውቃለሁ።

ስንወጣ ባለሱቋን ይሄ ሕግ ድሮም እንደነበር ጠየቅኳት። “አሁን አወጣሁት” አለችኝና ሳቀች።

ወደ ወቀሳው ልምጣ። ጥር 5 ይደርሳል ያለችን ልብስ የደረሰው ጥር 14 ነው፤ ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው። በመሀል ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ አላነሳችም። ምክንያቱ ይገባኛል። ከገና እስከ ጥምቀት የከተማው ሰው በሙሉ እዚያ ሰፈር ነው፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? በዚያ ላይ ጾሙ ሳይገባ ልዳር የሚለው ሁሉ ጥርን ይሻማል። ግን ቀጠሮ የሰጠችው እሷ ናት። እኔ ኅዳር ላይ ነው ያዘዝኩት፤ ለጥር ሰርግ መስከረም ላይ እዘዙ።

ሁለተኛ፣ ወይን ጠጁ ክር ቀለም ለቀቀ። የእማዬ ነጠላ ላብ ሲነካው ትከሻዋ ላይ ሮዝ አወጣ። እማዬ “ብዬ ነበር” አለች። ይህቺን ቃል እስከ ዛሬ እየሰማኋት ነው። ሒሳቡን ከመጨረሳችሁ በፊት እርጥብ ሶፍት ይዛችሁ ጥለቱን አሻሹት። ሶፍቱ ከቀላ እዚያው ተነጋገሩ።

ሦስተኛ፣ የወንድ ልብስ እዚያ አታሠሩ። የወንድሜ ኮሌታ አልቆለፍ ብሎ በመርፌ ቁልፍ ያዝነው። አይታይም ብለን ነበር፤ ቪዲዮው ላይ ግን ሲጨፍር ያብለጨልጫል።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ለልብሱ ከ5 ሦስት፣ ለሴትዮዋ አምስት። ለስልኳ ዜሮ።

እቴቴ ቅዳሜ ለብቻቸው መጥተው ተለክተው ነበር። ሁለት ጣት መሆኑን ባለሱቋ ስትነግራቸው “እሺ ልጄ” ብለው ከፍለው ሄዱ። በመልሱ እለት ከዘመዶች ጋር ከኋላ ገቡ፤ ማንም ልብ አላላቸውም። ፎቶው ሲመጣ ነው ያየሁት። የነጠላው ሁለት ጫፍ አንዱ ባንዱ ላይ ነው የሚደረበው አይደል? እሳቸው አልደረቡትም። አንዱን ጥለት ከሌላው ዝቅ አድርገው፣ ጎን ለጎን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገውታል። ሁለት ሲደመር ሁለት። ፎቶውን ለአማቴ ስልካቸው ላይ አጉልቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆይተው አዩት።

“የእኔ አራት ተኩል ነው” አሉ።