ለከበሮ የቱ፣ ለእጅ እንቅስቃሴ የቱ? ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት

እዚህ ጎንደር ከበሮን ከኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት፣ ወይም ሰው ሲጠጋው ድምፅ የሚያሰማ የሥነ ጥበብ ሥራ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ከሴንሰሩ (ንክኪን ወይም እንቅስቃሴን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ከሚለውጠው ዕቃ) ዋጋ በፊት እጃችሁን አስቡት። ይመታል? ይጫናል? ወይስ አየር ላይ ይንቀሳቀሳል?

ለሚመታ ነገር ፒዬዞ ግዙ። ሳንቲም የሚያክል ስስ ክብ ነው፤ ሲመታ ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ርካሽም ነው። በከበሮ ሁለት ፊቶች ላይ አንዳንድ አድርጌ ስሞክረው ግን ትልቁን ፊት በመታሁ ቁጥር የትንሹም ድምፅ አብሮ ይነሣ ነበር። ንዝረቱ በእንጨቱ በኩል ይሻገራል። ከሥሩ ስፖንጅ አደረግሁ። ሴንሰሩን የሚያነበው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ አርዱዪኖ፣ ላይ የጻፍሁት ኮድም በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ከሁለቱ ጎልቶ የመጣውን ብቻ እንዲቀበል አደረግሁት። ያኔ ተለያዩልኝ። ጠንካራ ምት ከ5 ቮልት በላይ ሊያመነጭ ስለሚችል 1 ሜጋኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ) እና የ5.1 ቮልት ዜነር ዳዮድ (ትርፉን ቮልት የሚያስቀር) አብራችሁ ግዙ። ያለ እነሱ አርዱዪኖው ሊጎዳ ይችላል።

እጅን አሳርፎ ለማቆየት ፒዬዞ አይሆንም፤ ምቱ ካለፈ ዝም ይላል። ለዚያ ኤፍኤስአር የሚባል ግፊት የሚሰማው ሴንሰር አለ። ስትጫኑት ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመግታት አቅሙ) ይቀንሳል። ድምፅን ቀስ እያሉ ለመጨመር ሸጋ ነው፤ ክብደት ለመመዘን ግን አትመኑት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የርቀት ሴንሰር ላይ ነው። በአልትራሳውንድ (ጆሮ በማይሰማው ድምፅ) የሚሠራው ኤችሲ-ኤስአር04 ከ2 ሴንቲ ሜትር እስከ 4 ሜትር ይለካል። አንድ ሜትር ላይ የቆመ ሰው ጋ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ 6 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። ፀሐይ አይረብሸውም። የሚያስቸግረው ጋቢ ነው! ለስላሳ ጨርቅ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል፤ ቁጥሩም ይዘላል። ከተማችን ከፍታ ላይ ናት ብላችሁ ግን አትስጉ፤ የድምፅን ፍጥነት የሚለውጠው ሙቀቱ ነው።

በሌዘር የሚለካው ቪኤል53ኤል0ኤክስ ደግሞ ነጭ ጋቢን ጥሩ አድርጎ ያያል። ግን እስከ 2 ሜትር ብቻ ነው፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ደግሞ ከዚያም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለቤት ውስጥ እሱን፣ ለጥምቀት ሰሞን የደጅ ትርኢት አልትራሳውንዱን እመርጣለሁ። አልትራሳውንዱን በ3.3 ቮልት ከሚሠራው ሌላ ሰሌዳ፣ ከኢኤስፒ32 ጋር የምታገናኙ ከሆነ የሚመልሰው 5 ቮልት ስለሆነ በሁለት ሬዚስተር ወደ 3.3 አውርዱት።

ፒዬዞ ስታዝዙ ሦስት አራት ትርፍ ጨምሩ። ሽቦው የተበየደበት ቦታ ቶሎ ይነቀላል፤ አንድ በተበላሸ ቁጥር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ ልብ ያደርቃል።